ሲስተሯ የጨመሯት አሥራ አንደኛዋ ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ስላለ አንድ የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት

ይህን አስተያየት የምጽፈው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ስለሚሰጥ አንድ የግል የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት ነው። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል በቋሚነት ተገልግዬበታለሁ፤ ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ መግቢያ አንድ ሁለት ጊዜ እየሄድኩ እመለሳለሁ። የቤቱን ስም ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ድሬ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ስሙ በአደባባይ ከተጻፈ በዚያ በር ሲገባ የታየ ሁሉ «እሱ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?» መባሉ አይቀርም። የሚፈልገው ሰው ግን ጠይቆ አያጣውም፤ እኔም ያገኘሁት በዚያው መንገድ ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ አገልግሎቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ሆኖም ሳይስተካከሉ ዓመታት ያለፏቸው ጉድለቶች ስላሉበት እነሱንም ሳልሸሽግ እጽፋለሁ።

ምን ይዤ እንደሄድኩ ካልተናገርኩ ያገኘሁትን ነገር መመዘን ስለማይቻል ከራሴ ልጀምር። የምሠራው በአንድ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ የጉምሩክ ሰነድ አዘጋጅ ሆኜ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ታማሚ መገኘቱ ሲነገር፣ ከጅቡቲ ወደብ የሚመጡ ሹፌሮች በየዕለቱ ወረቀታቸውን ይዘው ጠረጴዛዬ ፊት ይቆሙ ነበር። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከጅቡቲ የሚመለሱ ወገኖቻችን በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ለይቶ ማቆያ እንዲገቡ ተደረገ። የጭነት መኪናው ግን አልቆመም፤ አገሪቱ ከውጭ የምታስገባው ዕቃ አብዛኛው የሚመጣው በጅቡቲ በኩል በመሆኑ ሊቆምም አይችልም ነበር። ሹፌሮች የነኩትን ወረቀት በአልኮል እየጠረግሁ፣ እጄ እስኪሰነጣጠቅ እየታጠብኩ፣ ማታ ወደ እናቴ ቤት ስመለስ በሽታ ተሸክሜ እንዳልገባ እየሠጋሁ ሦስት ወር ሠራሁ። ይህን ፍርሃት በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም እችለው ነበር።

ያልቻልኩት ክረምቱን ነው። ሰኔ አልፎ ሐምሌ ሲገባ፣ በደጋው በኩል ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር እንቅልፍ ከዓይኔ ጠፋ። ሌሊት እየተነሳሁ በሩን ከፍቼ አዳምጣለሁ፤ ልቤ እስኪሰማኝ ድረስ ይመታል፤ ሲነጋም የታመንኩበትን ሥራ በአግባቡ መሥራት አቃተኝ፤ የአንዱን ኮንቴይነር ቁጥር በሌላው ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ምሽት ላይ በጊዜው የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሊያ ታደሰ ያወጡት የዕለቱ የሟቾች ቁጥር ሲነበብ ከቤት እወጣ ነበር። ሐምሌ 29 ሌሊት እናቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ «ተነሽ፣ ልብስሽን ልበሺ» አልኳት። ውጭ ዝናብ እንኳ አልነበረም። እናቴ ቀኑን አስባ ይሁን ፊቴን አይታ፣ አንድም ቃል ሳትናገር ተነሥታ ለበሰችና እስኪነጋ አብራኝ ተቀመጠች።

የቀኑን ነገር ድሬዎች ያውቁታል። በ1998 ዓ.ም.፣ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን ሲመታ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ደቻቱ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ሰው ከከዚራ ወደ መጋላ የሚሻገርበት ሜዳ ነው። የዚያን ሌሊት ከደጋው የወረደው ውኃ ሰውን በተኛበት ደረሰበት፤ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤታቸውን አጡ። እኛም ቤታችንንና ታናሽ እህቴን አጣን። ከዚያ በኋላ በድንኳን ኖርን፤ አባቴ መጠጣት ጀመረ፤ ሲጠጣም እናቴን ይመታ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ፍለጋ ወደ ጅቡቲ እንደሄደ ቀረ። የእህቴ ስም በቤታችን ውስጥ ለአሥራ አራት ዓመት አልተጠራም። እናቴ «ሆድ ይፍጀው» የምትል ሴት ናት፤ እኔም የእሷ ልጅ ነኝ። ትምህርቴን ጨረስኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ሁሉም ያለፈ መስሎኝ ኖርኩ።

ወደ ምክር አገልግሎቱ የመራኝ አንድ የመድኃኒት ባለሙያ ነው። የእንቅልፍ ኪኒን ልገዛ ሄጄ ያለ ሐኪም ማዘዣ አልሸጥም አለኝ። ተከራከርኩት። እሱም ወረፋው ላይ ያለው ሰው እስኪቀንስ ጠብቆ በዝግታ «ለእንቅልፍህ ሳይሆን ለሚያስነሣህ ነገር ሰው አናግር» አለኝና አድራሻውን በወረቀት ቁራጭ ጻፈልኝ። ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ይዤው አንድ ወር ቆየሁ። በእኛ ዘንድ የአእምሮ ሕክምና ሲባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት «አማኑኤል ገባ» የሚለው አነጋገር ነው፤ እናቴ ጠበል እንድሄድ ትመክረኛለች፤ ጓደኞቼ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጫት ላይ ቁጭ ብዬ ሐሳቤን እንድረሳ ይጠሩኛል። ጠበሉን ሄጄ ነበር፤ መንፈሴን አረጋግቶልኛል፤ አሁንም እሄዳለሁ። ጫቱ ግን ቀድሞም የተጎዳውን እንቅልፌን ጨርሶ ነጠቀኝ።

የመጀመሪያው ቀን አቀባበል ስለ ቤቱ መጥፎ ግምት እንዲያድርብኝ አድርጎ ነበር። እንግዳ መቀበያዋ ወጣት ስሜን ጮክ ብላ ጠራችና አራት ሰው በተቀመጠበት «ችግርህ ምንድን ነው? እንቅልፍ ነው ጭንቀት?» ስትል ጠየቀችኝ። አንደኛው ተቀማጭ የሰፈራችን ሰው ነበር። እሱም እኔም መሬት መሬት አየን። በዚያው ሰዓት ተነሥቼ ልወጣ ስል የውስጡ በር ተከፈተና አንዲት ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት በእጃቸው ጠሩኝ። በሙያቸው የአእምሮ ጤና ነርስ ናቸው፤ በኋላ በምክር አገልግሎት ተጨማሪ ትምህርት ተምረዋል፤ ሁሉም ሰው ሲስተር ይላቸዋል። በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር ሰጡኝ፤ በመካከላችን ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት ነበረ፤ ሁለታችንም ማስክ አድርገናል፤ ቬንትሌተሩ፣ ማለትም የአየር ማራገቢያው፣ ከእኔ ወደ ውጭ እንዲነፍስ ተደርጎ ተቀምጧል። ከድሬ ውጭ የመጡ ስለሆኑ «እርስዎ» እያሉ ጀመሩኝ። ድሬ ውስጥ ሰው ለአባቱም «አንተ» ይላል፤ «እርስዎ» ሲሉኝ ፊታቸው የተቀመጠው ሌላ ሰው መሰለኝ። «አንተ ይበሉኝ» አልኳቸው። ፈገግታቸው በዓይናቸው ታየኝና «እሺ፣ አንተ» አሉኝ።

መጀመሪያ የሞላነው ፒኤችኪው 9 የሚባለውን መጠይቅ ነው። ይህ መጠይቅ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በአገራችን ታካሚዎች ላይ የተፈተሸ ነው። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ለነገሮች ፍላጎት ማጣት፣ ድባቴ፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት፣ ራስን መውቀስ፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል ለምን ያህል ቀናት እንዳስቸገሩ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱም ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል። ድምሩ ከ5 ሲጀምር ቀላል፣ ከ10 ሲጀምር መካከለኛ፣ ከ15 ሲጀምር ከመካከለኛ ከፍ ያለ፣ ከ20 ሲጀምር ከባድ ድባቴ መኖሩን ይጠቁማል። የእኔ 17 ነበር። አንዳንድ ቦታ ይህንን ወረቀት ለተገልጋዩ ሰጥተው «ሙላ» እንደሚሉት አውቃለሁ፤ ሲስተሯ ግን ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እያነበቡ፣ በተለይም ዘጠነኛውን፣ ማለትም ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቀውን፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱና ሳያጣድፉ ጠየቁኝ። ይህ ጥያቄ እንደ ነውር ተሸፋፍኖ ካልቀረበ እውነቱን መመለስ ቀላል መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ሐሳቡ አንዳንድ ሌሊት እንደሚመጣና እንደሚሄድ ነገርኳቸው። ዕቅድ ይኑረኝ አይኑረኝ ጠየቁ፤ ሌሊት ሲብስ ማንን እንደምጠራ ተነጋገርን፤ የስልክ ቁጥሩንም እዚያው ፊታቸው አስጻፉኝ።

ይህን ቤት ከሌላው የሚለየው ሁለተኛው ቀን ላይ የሆነው ነገር ነው። ሲስተሯ ስለ ልጅነቴ የሚጠይቁ አሥር ጥያቄዎችን አወጡ፤ ከመጠየቃቸው በፊት ግን ከየት እንደመጡ ነገሩኝ። ዶክተር ቪንሰንት ፌሊቲ የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በሳንዲያጎ ከተማ ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸውን ሰዎች ያክሙ ነበር፤ ሕክምናው እየሠራላቸው ሳለ አቋርጠው የሚሄዱትን ለምን እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ብዙዎቹ በልጅነታቸው የደረሰባቸውን መከራ ነገሯቸው። ከዚያ ከዶክተር ሮበርት አንዳ ጋር ሆነው ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1998 መታተም ጀመረ። በጠቅላላው ከ17,000 በላይ ጎልማሶች ተጠይቀዋል፤ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ቢያንስ አንድ ዓይነት የልጅነት መከራ እንደደረሰባቸው፣ ከስምንት ሰዎች አንዱ ያህል ደግሞ አራትና ከዚያ በላይ እንዳየ ታወቀ። አራትና ከዚያ በላይ ያየው ሰው ምንም ካላየው ይልቅ ለድባቴ፣ ለአልኮል ሱስና ራሱን ለማጥፋት ለመሞከር የሚኖረው ተጋላጭነት በብዙ እጥፍ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ዓመተ ምሕረቱን ሲጠሩልኝ ደነገጥኩ። በእነሱ 1998 ይህ ጥናት የወጣበት ዓመት ነው፤ በእኛ 1998 ደግሞ ደቻቱ የመጣበት። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ሰባት ስምንት ዓመት ስላለ ዝምድና እንደሌላቸው አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ጥያቄዎቹን አነበቡልኝ። በቤት ውስጥ ስድብና ማዋረድ፣ ድብደባ፣ ወሲባዊ ጥቃት፤ የፍቅርና የእንክብካቤ ማጣት፣ የምግብና የልብስ ማጣት፤ የወላጆች መለያየት፣ የእናት መደብደብ፣ በቤት ውስጥ ጠጪ ወይም ሱሰኛ መኖር፣ የአእምሮ ሕመም፣ የቤተሰብ አባል መታሰር። እኔም አራቱን ወይም አምስቱን «አዎ» አልኩ። ሲጨርሱ ወረቀቱን ገልብጠው አስቀመጡት፤ በዝግታም «እነዚህ አሥሩ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ጎርፍ የለም። ጥያቄዎቹ ሲዘጋጁ ድሬዳዋ አልታሰበችም። እኔ አሥራ አንደኛ እጨምራለሁ፤ በሐምሌ 1998 የት ነበርክ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ በሕይወቴ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ሰው ያውቃል፣ ስለሚያውቅም አይጠይቅም። ለሃያ ደቂቃ ያህል መናገር አልቻልኩም። እሳቸውም ዝም አሉ፤ ሰዓታቸውን አላዩም። በኋላ የእህቴን ስም ተናገርኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትም ነገር ሙያቸውን የሚያውቁ ሰው መሆናቸውን ያሳየኝ ነው። እኔ ወረቀቱን ስቤ «ስንት አገኘሁ?» ስል፣ ቁጥሩ የእኔን ዕጣ እንደማይናገር አስረዱኝ። ሮበርት አንዳ ራሳቸው ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጽሑፍ ነጥቡ በብዙ ሰዎች መካከል ያለውን የጤና ልዩነት ለማጥናት የተሠራ እንጂ የአንድን ግለሰብ የወደፊት ሕይወት ለመተንበይ የተሠራ መለኪያ እንዳልሆነ አሳስበዋል። ምክንያቱም ጥያቄዎቹ መከራው ለስንት ጊዜ እንደቆየ፣ ምን ያህል እንደበረታ፣ ልጁንም በዚያን ጊዜ ማን እንደደገፈው አይጠይቁም። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ እነዚህን ጥያቄዎች ብቻውን መልሶ፣ ነጥቡን ደምሮ፣ «እንግዲህ አለቀልኝ» ብሎ የሚደነግጥ ወጣት ብዙ እንዳለ ስለማይ ይህንን ነገር እዚህ አስረዝሜ ጽፌዋለሁ።

ወረርሽኙ ለምን ያንን ሁሉ እንደቀሰቀሰውም የገለጹልኝ በእኛው ቋንቋ ነው። ልጅ በተደጋጋሚ ሲደነግጥ አካሉ አደጋን ለመለየት የሚጠቀምበት ሥርዓት እንደ ቤት ጠባቂ ውሻ ይነቃል፤ ልብ ይመታል፣ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ይጨምራል፣ ጡንቻ ይወጠራል። የሚያረጋጋው ሰው ካላገኘ ውሻው ማንቀላፋት ይረሳል። ልጁ አድጎ ሰላም በሆነ ጊዜ ነገሩ የተረሳ ይመስላል፤ ሌላ ትልቅ አደጋ ሲመጣ ግን፣ ያንን ያላየ ሰው ከሚደነግጠው በላይ ይደነግጣል። በወረርሽኙ ጊዜ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም በልጅነታቸው መከራ ያዩ ጎልማሶች ለጭንቀትና ለድባቴ ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው መገኘታቸውን አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳስታወቀው ደግሞ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ደረጃ በ25 በመቶ ጨምረዋል፤ ስለዚህ ብቻዬን አልነበርኩም። እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የረዳኝ ሲስተሯ ዝርዝሩን አንድ በአንድ እንድቆጥር ማድረጋቸው ነው፦ በድምፅ ማጉያ ሕዝቡን እያስጠነቀቀ የሚዞር መኪና፣ ለይቶ ማቆያ፣ ድንኳን፣ በየቀኑ የሚነገር የሟቾች ቁጥር፣ ቀብር ላይ መሰብሰብ አለመቻል። እነዚህን ሁሉ በአሥራ አንድ ዓመቴ አይቻቸዋለሁ፤ እህቴንም ሰው እንደሚቀብር አልቀበርናትም።

ሕክምናው ራሱ ሲታይ ቀላል ነበር ማለት ይቻላል። ሲስተሯ የሚከተሉት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣውን፣ በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ተኩል የሚደረግ ባለ 5 ክፍለ ጊዜ አሠራር ነው፤ እሱ ካለቀ በኋላ እንደየሰው ሁኔታ ይቀጥላሉ። መጀመሪያ በሆድ በዝግታ መተንፈስን አስተማሩኝ። እንዲህ ያለ ነገር ምን ያደርጋል ብዬ ነበር፤ ሆኖም በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ሳምንት ሳልተው ከሠራሁት በኋላ ሌሊት በሩን የምከፍትበት ጊዜ ቀነሰ። ቀጥሎ ከችግሮቼ መካከል መፍትሔ ሊገኝላቸው የሚችሉትን መለየት፣ ከዚያም የተውኳቸውን ነገሮች በጥቂት በጥቂቱ መጀመር ነበር። ምን እንደተውኩ ሲጠይቁኝ «ምሽት ላይ ደጅ መቀመጥ» አልኳቸው። ድሬን የማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር ሊመስለው ይችላል። በእኛ ከተማ ሙቀቱ ሲበርድ ሰው ምንጣፍ አውጥቶ ደጁ ላይ ካልተቀመጠ፣ ከጎረቤቱ ጋር ሻይ ካልጠጣ፣ ቀኑ አለፈ አይባልም፤ «ቤታችሁ ተቀመጡ» የሚለው ማሳሰቢያ ከሁሉ የነጠቀን ይህንን ነበር። ምንጣፉን አወጣሁ፤ ርቀቱን ጠብቀን፣ መጀመሪያ ለአሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት።

የመጨረሻው ክፍል የሚደግፈኝን ሰው ስለ መለየት ነበር። ሲስተሯ «ያኔ በድንኳኑ ዘመን ከጎንህ ማን ነበር?» አሉኝ። ማንም አልኳቸው። ሳምንቱን ሙሉ ሳስበው ግን አንዲት ሴት ትዝ አሉኝ፤ እኛ ልጆች አዴ እንላቸው ነበር፤ የራሳቸውም ቤት በጎርፍ ሄዷል። ጠዋት ጠዋት ሻይና የፈጢራ ቁራጭ ይዘው ድንኳናችን በር ላይ ይቆሙና ጠርተው ይሰጡኝ ነበር፤ አንድም ቀን አላቋረጡም። ይህንን ስነግራቸው ሲስተሯ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ መከራ ያየን ልጅ ከሚጠብቁት ነገሮች ሁሉ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያገኙት ይህንኑ መሆኑን ነገሩኝ፦ የማይለዋወጥ፣ ሁልጊዜ የሚገኝ አንድ አዋቂ ሰው። ለብዙ ዓመት የቆጠርኩት ያጣሁትን ብቻ ነበርና፣ ያንን ሻይ በዝርዝሩ ውስጥ ያስገባሁት በዚያን ዕለት ነው።

በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በሽታው እንደገና ሲስፋፋ ቀጠሮው ወደ ስልክ ተዛወረ። የስልኩ አገልግሎት በአካል ከሚሰጠው ያንሳል ብዬ መናገር አለብኝ። ኔትወርኩ ከመሐል ይቆረጣል፤ ከዚያም በላይ ደግሞ እንደ እኛ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ እያለች፣ ስለ አባቴ መናገር አልችልም ነበር። ከቤት ወጥቼ ከዚራ የዛፎቹ ጥላ ሥር እየተራመድኩ ማውራት ጀመርኩ፤ ሲስተሯም የተቆረጠውን ደቂቃ እየቆጠሩ ያካክሱልኛል። በግንቦት ወር ፒኤችኪው 9ን እንደገና ስንሞላው 6 ሆነ።

ወደ ጉድለቶቹ ልምጣ። የመጀመሪያው ከላይ የጠቀስኩት የእንግዳ መቀበያው ነገር ነው። ስም ጮክ ብሎ መጥራት በቅሬታዬ ምክንያት ቆሞ አሁን በቁጥር ይጠራሉ፤ የመጣህበትን ምክንያት በሰው ፊት መጠየቁ ግን እንደ ሠራተኛው ጠባይ አሁንም አልፎ አልፎ ይከሰታል። ሁለተኛው ግድግዳው ነው። የምክር ክፍሎቹ የተከፈሉት በኮምፔርሳቶ ስለሆነ የጎረቤት ክፍል ድምፅ ይሰማል፤ አንድ ቀን በሌላው ክፍል የምታለቅስ ሴት እያንዳንዱን ቃሏን ሰምቻለሁ፤ ባልሰማው ደስ ባለኝ ነበር። በኮሪደሩ ላይ ሬዲዮ አስቀምጠዋል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሬዲዮውም ቬንትሌተሩም ይቆማሉ፤ በሙቀቱ ምክንያት መስኮት ሲከፈት ደግሞ ውጭ የቆመም ይሰማል። ሰው ምሥጢሩን ለሚያወጣበት ቤት ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። በብሎኬት እንዲከፍሉት ደጋግሜ ተናግሬአለሁ፤ ቤቱ የኪራይ እንደሆነ ይነግሩኛል።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። አገልግሎቱ በአማርኛና በኦሮምኛ ይሰጣል፤ በሶማሊኛ የሚሰጥ ባለሙያ የለም። ድሬዳዋ ውስጥ፣ ያውም ደቻቱ ካጠፋቸው መካከል ሶማሊኛ ተናጋሪዎች ባሉበት ከተማ፣ ይህ ከሁሉ በፊት ሊሟላ የሚገባው ነበር። ሰው ልጅነቱን የሚያስታውሰው በልጅነት ቋንቋው ነውና በአስተርጓሚ የሚሆን ነገር አይመስለኝም።

አራተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ነው። ቤቱ ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ያሉትን አይቀበልም። ምክንያቱን ሲስተሯን ጠይቄአቸው ነበር፤ ለልጆች የሚሆን ሥልጠና ያለው ባለሙያ እንደሌላቸው፣ ያለ ሥልጠና ልጅን ስለ መከራው መጠየቅም ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ነገሩኝ። መልሱ ትክክል ነው፤ ሐቀኛም ነው። ነገር ግን በወረርሽኙ ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው፣ ገቢው ከቆመበት አባት ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ተዘግተው የከረሙ ልጆች በዚህች ከተማ ስንት እንደሆኑ ሳስብ፣ እነሱም እንደ እኔ ሃያ አምስት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ሊጠብቁ ነው ወይ እላለሁ። ባለሙያ መቅጠር ካልቻሉ፣ ቢያንስ ወላጆችንና መምህራንን በወር አንድ ቀን ቢያማክሩ ብዙ ይጠቅማል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ እኔ ስጀምር አንድ ክፍለ ጊዜ 300 ብር ነበር፤ አሁን 700 ደርሷል። ለተማሪ ይቀንሳሉ፤ አቅም ለሌለውም ሲስተሯ በራሳቸው ፈቃድ ሲቀንሱ አይቻለሁ፤ ይሁን እንጂ ይህ በግልጽ ተጽፎ ያልተለጠፈ በመሆኑ የሚያፍር ሰው ሳይጠይቅ ይመለሳል። ገንዘቡ የሚከፈለው ከመግባትህ በፊት ነው። ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሙቀቱ በረድ ሲል ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ይሠራሉ፤ የሚሻለው ጠዋት ነው፤ ሲስተሯም አንተም አልደከማችሁም፣ ግድግዳው አጠገብ ያለው ክፍልም ባዶ ይሆናል።

ቤቱ ለማን እንደማይሆንም መናገር ያስፈልጋል። መድኃኒት አያዝዙም። ነጥቡ ከ20 በላይ የሆነ፣ ራሱን ለመጉዳት ዕቅድ ያለው፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ሰው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም መሄድ አለበት፤ ሲስተሯም እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ በዚያው ዕለት ይልካሉ። የሚልኩት ግን በቃል ነው። ታካሚው እዚያ ሲደርስ ታሪኩን ከሀ ጀምሮ ለአዲስ ሰው መናገር ስለሚኖርበት፣ የታሸገ ደብዳቤ ቢጽፉለት መልካም ነበር።

ባለፈው ሰኔ መጨረሻ፣ እንደ ልማዴ ክረምቱ ሳይገባ ቀጠሮ ልይዝ ስልኩን ሳነሳ፣ እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። ለማን እንደምደውል ታውቃለች፤ ለአራት ዓመት ያህል አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ማንኪያውን ከምጣዱ ላይ ሳታነሳ «ያቺ ሲስተር ትልቅ ሰውም ታናግራለች?» አለችኝ። ታናግራለች አልኳት። ትንሽ ቆይታ የእህቴን ስም ጠራች፤ ከዚያ «ስለ እሷ ብቻ ነው የማወራው፤ ስለ አባትህ አላወራም» አለች። ጠዋት 3 ሰዓት፣ ማክሰኞ ቀን፣ በስሟ አስያዝኩላት፤ ግድግዳው አጠገብ ያለው ክፍል ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት መርጬ።